ሁለተኛ ስም የነበራቸው ልጆች

ቱፓክ ሻኩር የሞተው መስከረም 3 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖሯል። ከተማችን ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። በዚያን ጊዜ አውቶቡሱ ጅማ አድሮ፣ በማግስቱ የቦንጋን ጠመዝማዛ ጨርሶ፣ ዝናብ ከጣለም ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮና ተገፍቶ ነበር የሚደርሰው። ጋዜጣው ሲገባ ዜናው አርጅቷል፤ ካሴቱ ሲገባ ዘፋኙ ሌላ ካሴት አውጥቷል። የቱፓክ ሞት የተሰማው ፎቶው የፀጉር ቤቱንና የሻይ ቤቱን ግድግዳ ከሞላ በኋላ ስለነበር የሚያምን ጠፋ። «ኩባ ነው ያለው» የሚል ነበር። «አስከሬኑን በዓይኑ ያየ አለ?» እያለ እንደ መርማሪ የሚያፋጥጥም ነበር። ይህን ሁሉ ስንከራከር ታዲያ ከመካከላችን ሰውየው ምን እንደሚል በቅጡ የሚሰማ አንድም ልጅ አልነበረም።

ራፕ ከሁሉ በፊት ቃል ነው። እኛ ቃሉ አልደርስ ስላለን የቀረውን ሁሉ ወሰድን፤ ግንባር ላይ የታሰረውን ሻሽ፣ ከወገብ የወረደውን ሱሪ፣ ጣት ሲቀሰር ትከሻ እንዴት እንደሚያዘነብል፣ የንቅሳቱን ፊደል ቅርጽ። ሂፕ ሆፕ ሚዛን የገባው በሥዕልነቱ ነው ማለት ይቻላል። የኮሚክ ጀግኖችም ከዚህ የተለየ መንገድ አልነበራቸውም። እውነተኛ የኮሚክ መጽሐፍ በእጄ የያዝኩት ከተማዋን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ነው። ስፓይደርማንም ባትማንም ወደ ልጅነታችን የገቡት ያለ መጽሐፋቸው፣ በቪዲዮ ቤት፣ በደብተር ሽፋንና በሰልባጅ ነበር። ሁለቱ ዓለሞች አሜሪካ ውስጥ በምን በኩል እንደተዛመዱ ሳናውቅ፣ ቡና አገር ድረስ በአንድ ቦንዳ ታስረው መጡልን።

ቦንዳውን በነገር ብቻ አይደለም የጠቀስኩት። በገበያ ቀን ቦንዳ ሲፈታ ናፍታሊን ናፍታሊን የሚል ልብስ ሸራ ላይ ይዘረገፋል። እናቶች ሹራብ ሲመርጡ እኛ የምንፈልገው ደረቱ ላይ ሥዕል ያለውን ካናቴራ ነው። አንድ ቀን የልብ ጓደኛዬ ጥቁር ካናቴራ ጎትቶ አወጣ። ደረቱ ላይ ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ የሚመስል ቢጫ ምልክት አለበት። የባትማን ምልክትም ቢጫና ጥቁር ስለሆነ፣ ይህኛው የባትማን ታላቅ ወንድም ነው ብለን ፈረድን። ጓደኛዬ ካናቴራው ሳስቶ አንገቱ እስኪላላ ድረስ ለበሰው።

ምልክቱ የዉ ታንግ ክላን ነበር፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው የኒው ዮርክ የራፕ ቡድን። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሳውቀው ደግሞ የዝምድናው ፍርዳችን ከእውነት ብዙም አልራቀም። የቡድኑ አባላት በኮሚክ ያደጉ ልጆች ነበሩ። ጎስትፌስ ኪላ በጥቅምት 1996 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ቱፓክ ከሞተ ሁለት ወር ሳይሞላ ያወጣውን የግል አልበም «አይረንማን» ብሎ ሰየመው፤ ራሱንም በዚያው ጀግና ስም «ቶኒ ስታርክስ» እያለ ይጠራል። ሜተድ ማን «ጆኒ ብሌዝ» የሚለውን ስም ያመጣው ጎስት ራይደር ከተባለው ኮሚክ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቡድኑ ራሱ የኮሚክ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታተመ።

ቪዲዮ ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ጣውላ ነው። ሞቅ የሚለው ከጥቅምት እስከ ጥር ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነበር። ወደ በበቃ ቡና እርሻ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከከፋ የሚመጡ ለቃሚዎች ደመወዝ በተቀበሉ ቀን ከተማዋ ትሞላለች፤ ቪዲዮ ቤቱም አንድ ፊልም ይጨምራል። እኛ ልጆች ደግሞ ከዛፍ ሥር የረገፈውን ቡና ለቃቅመን፣ አድርቀን፣ ጀንፈሉን በጣሳ ለሰብሳቢ ሸጠን መግቢያችንን እናገኛለን። ከጣሳው ታች ጠጠር የሚጨምር ነበር፤ ስሙን አልጠራም።

በሚዛን ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ እልም ይላል። ያን ጊዜ ፊልሙ ሥዕል ብቻ ይሆናል። አፍ ይከፈታል፣ ቡጢ ይሰነዘራል፣ መኪና ይገለበጣል፣ ምንም አይሰማም። ዴኩን የሚቆጣጠረው ጎረምሳ ታዲያ ብድግ ብሎ ለሥዕሉ ቃል ይሰጠዋል። እንግሊዝኛው የተሻለ አልነበረም፤ ግን ለማንም ተዋናይ ንግግር አይቸግረውም። ዌስሊ ስናይፕስ በ«ብሌድ» ጥቁር ካፖርቱን አርግቦ ሲገባ «መጣሁላችሁ! ማነህ? ማነህ አንተ? ከየት ነህ? ደሙን ለትንኝ፣ አጥንቱን ለጅብ!» እያለ ከዝናቡ ምት ጋር ይወርድበታል። ደም መጣጮቹ ቫምፓየሮች በእሱ አፍ የሚዛን ቀበሌ ሹማምንት ይሆናሉ፤ ግብር ይጠይቃሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ከዚያ በሰይፍ ይቀላሉ። ቤቱ በሳቅ ያብዳል። ዝናቡ አባርቶ የፊልሙ ድምፅ ሲመለስ ያዘነ ተመልካች ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ያ ሰው ለእኔ የመጀመሪያው ራፐርም የመጀመሪያው የኮሚክ ደራሲም ነበር። በሥዕሉ ላይ የጎደለውን የንግግር ፊኛ በአፉ ይነፋል፤ ንግግሩን ደግሞ በምት ያስኬዳል። በኋላ የዉ ታንጉ ሪዛ ልጅ ሳለ ማንሃተን 42ኛ መንገድ ላይ ባሉ ርካሽ ሲኒማ ቤቶች የሆንግ ኮንግ ኩንግ ፉ ፊልሞችን እየተመላለሰ ያይ እንደነበር ሳነብ ቪዲዮ ቤታችን ትዝ አለኝ። እኛም «የካራቴ ፊልም» የምንላቸውን እነዚያኑ የሻኦሊን መነኮሳት እናይ ነበር። የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም ርዕሱን ያገኘው በ1978 እ.ኤ.አ. ከተሠራ እንዲህ ካለ ፊልም ነው። የስታተን አይላንድና የሚዛን ልጅ አንድ ጣውላ ላይ ባይቀመጡም አንድ ፊልም አይተው ወጥተዋል። ከፊልሙም የወሰዱት አንድ ነገር ነው። ደቀ መዝሙሩ መከራውን ተቀብሎ ሲጨርስ አዲስ ስም ይዞ ይወጣል።

ከዚያ ኤምኔም መጣ። «ዊዝአውት ሚ» የተባለው የ2002 እ.ኤ.አ. ክሊፕ የደረሰን በፊልሞች መሐል ከሚታየው የክሊፕ ቅንብር ጋር ነው። ክሊፑ የሚጀምረው በተሣሉ የኮሚክ ሳጥኖች ነው። ኤምኔም የባትማንን ረዳት የሮቢንን ልብስ የሚያስንቅ ጥብቆ ለብሶ «ራፕ ቦይ» ሆኗል፤ ከዶክተር ድሬ ጋር በመኪና የሚከንፉት አንድ ልጅ የኤምኔምን አልበም እንዳይሰማ ለማዳን ነው። እኛ ቀልዱ አልገባንም። የገባን ሌላ ነገር ነው። ራፐርና የኮሚክ ጀግና አንድ ሰው መሆን ይችላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ደብተራችን ውስጥ የሚሣሉት ሰዎች ሁሉ መጎናጸፊያ ከኋላ፣ ሰንሰለት ከፊት ሆነላቸው።

ይህን ቅልቅል ከእኛ በፊት በቆርቆሮ ላይ የጨረሰው ግን የከተማው ማስታወቂያ ሣይ ነበር። የወንዶች ፀጉር ቤት ሰሌዳ ሲሠራ ሰዓታት ቆመን እናየዋለን። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ነጭ ይቀባና ያደርቀዋል። ከዚያ ፖስት ካርዱ ላይ በእርሳስ ትንንሽ ካሬ ያሰምራል፤ ቆርቆሮው ላይም ያንኑ ያህል ካሬ በትልቁ። ቀጥሎ አንዱን ካሬ ብቻ እያየ አንዱን ካሬ ይሞላል። መልኩን ሙሉ አያየውም። ጆሮ ያለበት ካሬ ላይ ሲሆን ጆሮ፣ የሻሽ ቋጠሮ ላይ ሲሆን ቋጠሮ። የዘይት ቀለሙን በናፍታ ያቀጥነዋል፣ ብሩሹን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ካሬዎቹ ሲያልቁ ቱፓክ ቁጭ ይላል። አንድ ጊዜ የሰሌዳው ባለቤት ለሕፃናትም እንቆርጣለን የሚል መልእክት ይግባልኝ አለው። ሰዓሊው አስቦ አስቦ ቱፓክን ከአንገት በላይ እንዳለ ተወውና ከአንገት በታች የስፓይደርማንን ቀይና ሰማያዊ ልብስ አለበሰው። ድሩ ከአገጩ ሥር ጀምሮ እስከ «ዋጋ በስምምነት» ድረስ ተዘርግቷል። ያ ሰሌዳ የትም ሙዚየም ቢገባ አያሳፍርም ነበር። የጠፋው መንገዱ ሲሰፋ ይሁን ቤቱ ሲፈርስ አላውቅም።

እኔና ጓደኛዬ ካሬውን ከእሱ ተማርን። ጓደኛዬ የቤንች ልጅ ነው፤ ቤታቸው አማን በኩል፣ በቡና የተከበበ። በሃምሳ ሉክ ደብተር ጀርባ የጀመርነው የጀግና ታሪክ ነበር። ጀግናው ኃይል ያስፈልገዋል። መብረር የሌሎች ነው፣ ድር መትፋትም የሌላ ነው። ጓደኛዬ «ያፏጭ» አለ። ለእሱ ይህ ቀላል ነገር ነው። ቤንችኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃሉን ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ነው፤ የቋንቋ ምሁራን አምስት የከፍታ ደረጃ ቆጥረውለታል። ስለዚህም ንግግሩን በፉጨት ማስተላለፍ ይቻላል። ወንዶቹ ከሸለቆ ማዶ ለማዶ በፉጨት ይነጋገራሉ፤ ጓደኛዬም ታናሽ ወንድሙን ከጫካ ወደ ቤት የሚጠራው በዚሁ ነበር። ጀግናችንን «አባ ፉጨት» አልነው። ቀን ቡና ለቃሚ ነው። ሌሊት የለቃሚ ደመወዝ የሚበላ አጭበርባሪ ሁሉ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል።

ችግሩ ፉጨት እንዴት ይሣላል የሚለው ነው። ለቡጢ «ድው!»፣ ለመብረቅ «ጓ!»፣ ለውኃ «ሿ!» እያልን መጻፍ ለአማርኛ አይከብደውም። ፉጨት ግን «ፉ...» ተብሎ ሲጻፍ ጉልበቱ ያልቃል። ጓደኛዬ በመጨረሻ ከጀግናው አፍ የምትወጣ አንድ መስመር አሠመረ። እንደ ድምፁ ከፍ ትላለች፣ ትወርዳለች፣ ከሳጥኑ አልፋ ቀጣዩ ሳጥን ውስጥ ትገባለች፤ እዚያም የሌባውን እግር ትጠልፋለች። ይህን ገጽ ስናሳይ ጣቱን መስመሯ ላይ እያስኬደ ያፏጨዋል። ቤንችኛ የሚያውቁት ልጆች ምን እንደተባለ ስለሚገባቸው ይስቃሉ፤ እኔ ሥዕሉን የሠራሁት ሰውዬ አስተርጓሚ እጠይቃለሁ።

ተቀናቃኝም ነበረን። የትምህርት ቤት ስፖርት ውድድር ቴፒ ሲሆን ደብተሩን ይዘን በጭነት መኪና ላይ ሄድን። ቴፒ ከሚዛን ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ ቡናም ቅመምም አላት። የቴፒ ልጆች የራሳቸውን ጀግና አሳዩን፤ ቁንዶ በርበሬ በጠላት ዓይን የሚነሰንስ፣ «አባ ቅመም» የሚባል። ኳሱ በእኩል አለቀ መሰለኝ፤ ከኳሱ በኋላ የተደረገው ፉክክር ግን በደንብ ትዝ ይለኛል። አንድ የቴፒ ልጅ ጀሪካን እየመታ፣ ሌላው በአባ ቅመም ስም እየፎከረ፣ ሚዛኖችን አንድ በአንድ አዋረደን። ስለ ጭቃችን ተናገረ፣ ስለ ጫማችን ተናገረ፣ ስለ በረኛችን ተናገረ፤ ሁሉም ቤት ይመታል። ጓደኛዬ መልሱን በቤንችኛና በአማርኛ ቀላቅሎ፣ ቃል ሲያጥረው እያፏጨ ሰጠ። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ይህ በእንግሊዝኛ ስም ያለው፣ ሕግ ያለው፣ በፊልም የተሠራ የራፕ ግጥሚያ መሆኑን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ያወቁብን የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ የድሮ ወታደር ናቸው፤ የካቲት 23 ቀን ሲመጣ ትምህርት ቤት ተጠርተው ይፎክራሉ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ስንጯጯኽ ሰሙን።

«ምንድን ነው ይሄ ጫጫታ?»

«ስም እያወጣን ነው፣ ጋሼ።»

«ስም የላችሁም እንዴ?»

«የጀግና ስም ነዋ!»

ሳቁና ተቀመጡ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸውን ቆጠሩልን። ከሁሉ የወደድነው ግን የባልቻ አባ ነፍሶን ነው። ልጅ ሳሉ ጦር ሜዳ ላይ ቆስለው ተገኝተው፣ በምኒልክ ቤት አድገው፣ ዓድዋ ላይ በመድፍ ስማቸውን የተከሉ፣ አርጅተውም ጣሊያን ሲመለስ ሲዋጉ የወደቁ ሰው ናቸው። ጓደኛዬ አፉን ከፍቶ ሰምቶ ሲያበቃ «ይህማ ፊልም ነው» አለ። ጋሼ ተነሥተው ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው ጠየቁን፤ «የፈረስ ስም እኮ ከፈረስ ነው የሚመጣው። የእናንተ ፈረስ የታለ?»

መልስ አልነበረንም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቆየ፤ ስለ ሂፕ ሆፕና ኮሚክ ያነበብኩትንም ሁሉ በእሱ በኩል ነው ያነበብኩት። የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው ድግስ የተደረገው ብሮንክስ፣ 1520 ሴጅዊክ አቬኑ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። ድግሱን ያሰናዳችው ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ገንዘብ ፈልጋ ነበር፤ ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ ካምፕቤል ነው። ከጃማይካ የመጣው ይህ ልጅ በግዙፍነቱ ሄርኩለስ ይባል ስለነበር ዲጄ ኩል ሄርክ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው ሰው ገና ከመነሻው የጀግና ስም ይዟል። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. በሚል ቀን በታተመ የማርቭል ኮሚክ ላይ ደግሞ ብሌድ የተባለው ጥቁር ቫምፓየር አዳኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ አለ፤ ያ የቪዲዮ ቤታችን ብሌድ። በቀጣዮቹ ዓመታት የኒው ዮርክ ልጆች በባቡር ፉርጎ ላይ ስማቸውን በቀለም ሲጽፉ ከጎኑ የሚሥሏቸውን ገጸ ባሕርያት የሚቀዱት ከኮሚክ ነበር። የራን ዲኤምሲው ዳሪል ማክዳኒየልስ በልጅነቱ ኮሚክ የሚያነብ፣ የሚሥል ልጅ እንደነበር ይናገራል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የራሱን የኮሚክ ማተሚያ መሠረተ።

ከሁሉም ከጋሼ ጥያቄ ጋር የሚገጥምልኝ የኤምኤፍ ዱም ታሪክ ነው። ዳንኤል ዱሚሌ ከወንድሙ ጋር የራፕ ቡድን ነበረው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ወንድሙ ሞተ፣ ቡድኑም ፈረሰ። ዓመታት ቆይቶ ሲመለስ ፊቱን በብረት ጭንብል ሸፍኖ፣ የማርቭል ክፉ ሰው ከሆነው ከዶክተር ዱም ስም ወስዶ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው አልበሙ ሽፋን ላይ ያ ባለ ጭንብል ሰው ተሥሏል። ሁሉም ጀግና ሲሆን እሱ ክፉውን መረጠ። ፊቱን ሸፍኖም የቀረውን ሁሉ ለቃሉ ሰጠ፤ ዱም በዚያ ስም የታወቀው በጭንብሉ ሳይሆን በጭንብሉ ሥር ይገጥመው በነበረው ግጥም ነው። ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ ይህ ሰው ፈረስ አለው ይሉ ነበር።

እዚህ አገር ሥዕልን በሳጥን ከፋፍሎ ታሪክ መንገር አዲስ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሳጥን ያሠፈረው የሸራ ሥዕል አዲስ አበባ በየስጦታ ዕቃ መደብሩ ተሰቅሎ እያየ ያደገ ሰው ብዙ ነው፤ ከሥሩ ጽሑፍ፣ ከላዩ ሥዕል፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የቃሉም ወገን ቢሆን ከቀረርቶና ከፉከራ እስከ አዝማሪ ድረስ ባለቤት አለው። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋሕዶ ጉራጌቶን ሲል፣ ልጅ ሚካኤልም ከመኳንንት ማዕረግ «ልጅ»ን አንሥቶ ስሙ ላይ ሲያስቀምጥ፣ የጋሼ ዓይነት አድማጭ ቢያንስ ስሙ አይጠፋውም። እነዚህን ዘፈኖች ሚዛን ላይ በደንብ የሰማናቸው ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ከየአገሩ ተማሪ ሲመጣ ነው። በየመኝታ ክፍሉ የሚጫወተው ፍላሽ ከአውቶቡሱ ይፈጥን ነበር።

ሁለቱን ዓለሞች በኢትዮጵያዊ እጅ ሲገናኙ ያየሁት መጀመሪያ በውጭ አገር ልጆች ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ምክሊት ሀደሮ፣ ገብርኤል ቴዎድሮስና በርንትፌስ «ኮፐርዋየር» በሚል ስም «ኧርዝባውንድ» የተባለ አልበም አወጡ። ታሪኩ በ2089 እ.ኤ.አ. መንኮራኩር ነጥቀው ወደ ምድር ስለሚመጡ ሦስት የሌላ ዓለም ሰዎች ነው፤ ሥዕል የሌለው ኮሚክ ልትሉት ትችላላችሁ። ከዚያ 2018 እ.ኤ.አ. መጣ። በየካቲት «ብላክ ፓንተር» ፊልም ሲወጣ ከኬንድሪክ ላማር ጋር ለፊልሙ ከዘፈኑት አንዱ ዘ ዊኬንድ፣ የኢትዮጵያውያን ልጅ አቤል ተስፋዬ ነው። በሰኔ ደግሞ ማርቭል «ስታርቦይ» የሚለውን ኮሚክ አሳተመ። አቤል ከጸሐፊዎቹ አንዱ፣ ጀግናውም እሱ ራሱ። በዚያው ዓመት ብሥራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር»ን አወጣ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር አማኑኤል ጥላሁን የተባለ ወጣት ልዩ ኃይል የሚያገኝበት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የታተመ ኮሚክ። ሀዊ የምትባል ጀግና ሴትም ተከተለችው።

ጀምበርን ሳነብ ያስደሰተኝ ኃይሉ ሳይሆን ሰፈሩ ነው። የማውቀው ዓይነት መንገድ፣ የማውቀው ዓይነት ሥራ አጥነት ሳጥን ውስጥ ገብቶ አየሁ። ወዲያው ግን ስስት ያዘኝ። አዲስ አበባ ጀግናዋን አገኘች፤ የቡናው አገርስ? ይህ ምድር ስም ሰጥቶ ለሌላ የመላክ ልማድ አለው። ከእኛ ብዙም ከማይርቀው የጌሻ ጫካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተወሰደ የቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ገባ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ በአንድ ጊዜ የዓለም ታዋቂ ሆነ። ከመንደሩ ወጥቶ፣ ብዙ ተንከራትቶ፣ በሰው አገር ኃይሉ የተገለጠ፣ የመንደሩን ስም እንደ ጀግና ስም የተሸከመ ቡና ነው። ኮሚክ ቢሆን የመጀመሪያው ሳጥን ጌሻ ላይ ነው የሚሣለው። ያንን ሳጥን እስከ ዛሬ የሣለው የለም።

ዛሬ ሚዛን ስሄድ ዜና አይዘገይም። ልጆቹ ስልክ አላቸው፣ የራፑን ቃል በእንግሊዝኛ እየተከተሉ ያነባሉ፤ በየቋንቋቸው የሚገጥሙም ሰምቻለሁ። ቱፓክ መሞቱን አይጠራጠሩም፤ በዚህ አሳዝነውኛል። የሁለተኛ ስም እጥረት የለባቸውም፤ እያንዳንዱ በየመተግበሪያው ሦስት አራት ስም አለው። ስም በዛ፤ የጋሼ ጥያቄም ከዚያው ጋር ከበደ። ሄርክ ሁለት ሸክላ ማጫወቻ ነበረው፣ ዱም ግጥሙ፣ ባልቻ መድፋቸው፣ የከተማችን ሰዓሊ ካሬው። ስሙን የሚሸከም ነገር ያልሠራ ሰው አባ ማን እንደሚባል አላውቅም።

ጓደኛዬ አሁን ቡና አቅራቢ ነው። በስልኬ የተመዘገበው በአባ ፉጨት ስም ነው፤ እሱም ሲደውል ሰላምታውን በፉጨት ይጀምራል። ደብተሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ታሪኩ ግን ሁለታችንም ጋ አለ። የለቃሚ ደመወዝ የሚበላውም ሰው ከመጽሐፍ ውጭ በየወቅቱ እየታየ ስለሆነ ጀግናው ሥራ አያጣም። ባለፈው ስንገናኝ ተስማምተናል፤ እኔ ታሪኩን እጽፋለሁ፣ እሱ ፉጨቶቹን በትክክለኛ ከፍታና ዝቅታ ያስምራል፤ የቴፒዎቹ አባ ቅመምም በሁለተኛው ቅጽ እንዲገባ ፈቅደናል፣ እስኪሸነፍ ድረስ። የጎደለን ሰዓሊ ነው። ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከማሻ ወይም ከቦንጋ ካሬ ማስመር የሚችል ወጣት ካለ ይምጣ። ክፍያው በጀንፈል ነው፤ ጠጠር እንደሌለበት ጓደኛዬ ይምላል።